የኅዳር ዐሥራ አምስቱ አይብ

ኦቦ ሙለታ ሲቆጡ አይጮኹም። ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥርም ሰው ይበልጥ ይፈራቸዋል። ልጃቸው ጂቱ ይህን ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች። ስለዚህ ያን እሁድ፣ ኅዳር ዐሥራ አምስት ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሳሎኑ በር ኋላ ቆማ ስታዳምጥ አባቷ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ይህ» የተባለው አይብ ነበር። በጎመን የምንበላው ለስላሳው አይብ እንዳይመስላችሁ። ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ ክብ፣ የወፍጮ ድንጋይ የመሰለ፣ ቅርፊቱ የጠየመ ደረቅ አይብ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ከሐሮ ወንጪ፣ ከወንጪ ሐይቅ ድረስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው፣ አምቦ ከተማ በታወቀው የኦቦ ሙለታ ሆቴል ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሽማግሌዎቹ አንደበት ኦቦ ኤጄታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጃችን ሚልኬሳ ልጅዎን ጂቱን ለትዳር...» ከማለታቸው ነገሩ ተበላሸ።

«ዛሬ ምን ቀን ነው ኦቦ ኤጄታ?» አሉ ኦቦ ሙለታ።

«እሁድ ነዋ!»

«የገና ጾም መያዣ ነው። በጾም መያዣ ዕለት፣ ጿሚ ቤት፣ አይብ?»

ኦቦ ኤጄታ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ጾም ቆጥረው አያውቁም። ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ዋቃ ያውቃል ኦቦ ሙለታ፣ ልጁ አላወቀም። እኛም አላወቅንም፤ ሁዳዴ ቢሆን ኖሮ...»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የዚህ ልጅ አያት የአባቴ ጭሰኛ ነበሩ። አባቱ ሂርጳ ዛሬም ለቱሪስት ፈረስ ያከራያል። በዚያ ላይ ልጁ ጴንጤ ነው። እሱንም ቢሆን ቁጭ ብለን እንነጋገርበት ይሆናል። ሃይማኖቴን ረግጦ ቤቴ ሲገባ ግን ዝም አልልም። ጂቱ! ነይ እስቲ።»

ጂቱ ገባች። አራቱም ሰዎች አዩዋት፤ ሦስቱ በተስፋ፣ አንዱ፣ አባቷ፣ በጥያቄ።

«እነዚህ ሰዎች እንደሚመጡ ታውቂ ነበር?»

ታውቅ ነበር እንጂ! ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት። «እሁድ ከሰዓት አባዬ እቤት ነው፤ ሽማግሌ ላክ» ብላ ለሚልኬሳ የደወለችው ራሷ ናት። ያላወቀችው አይቡን ብቻ ነው፤ እሱን ሚልኬሳ ሊያስደንቃት ደብቆት ነበር። አሁን ግን የአባቷን ዓይን አየች።

«አላውቅም» አለች።

ኦቦ ኤጄታ ቀና ብለው አንዴ አዩዋት። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ የአዛውንቱ ዓይን ውስጥ ያየችው ግን ኀዘን ነው። ሽማግሌዎቹ ለልመና ይዘው የወጡትን ይዘው መመለስ ነውር ነውና አይቡን ትተው ሄዱ፤ ኦቦ ሙለታም ዘበኛውን ጅሩን «ለውሻ ስጠው» አሉት። ጂቱ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የሚከተፍ ሽንኩርት ያለበት ቤት ማልቀሻ አያጣም።

ጅሩ ግን አይቡን ለውሻ አልሰጠውም። የጂቱ እናት ወይዘሮ ፋንቱ በዓይናቸው ጠቀሱትና ከሆቴሉ ጓሮ ባለው የድንች ጉድጓድ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሳንቃ ላይ አስቀመጠው። በማግስቱ ለልጃቸው አሳዩዋት።

«እንዲያው የሰው ልፋት ነው ብዬ ነው» አሉ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ደግሞም ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል፤ ቢቀርብሽ ይሻላል ልጄ።»

አልቀረባትም። ጂቱና ሚልኬሳ የተዋወቁት በጾም ምክንያት ነው። ሁዳዴ ሲገባ የአምቦ ሰው ወተት መግዛት ያቆማል፤ ላሚቱ ግን ጾም አታውቅምና ወተቱ ይተርፋል። የኦቦ ሙለታ ላሞችም ወተት በየዓመቱ ለጥጃና ለውሻ ይደፋ ነበር። አንድ ዓመት ከወንጪ አንድ ቀጭን ልጅ የወተት ጣሳ ተሸክሞ መጣና «ከምትደፉት እኔ ልውሰደው» አለ። ጂቱ «ምን ልታደርገው?» ስትለው «ገና አላወቅኩም» አለ። መልሱ አሳቃት፤ ለሳምንት ያህል ብቻዋን ስትሆን ትዝ እያላት ትስቅ ነበር።

በኋላ አወቀው። በአንድ የወተት ፕሮጀክት አማካይነት ፈረንሳይ አገር፣ አልፕስ ተራሮች ውስጥ ወደሚገኝ ሳቯ ወደሚባል ክፍል ተላከና ሙሴ ዠርማን፣ በኛ አባባል አቶ ዠርማን፣ ከሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሁለት ክረምት አይብ መሥራት ተማረ። ከዚያ ሆኖ ለጂቱ በወረቀት ይጽፍላት ነበር፤ ስልኳን አባቷ ያነሱታልና። ደብዳቤዎቹ ፍቅር ፍቅር ከሚሉት ይልቅ ምግብ ምግብ ይሉ ነበር፤ እሷ ግን ምን እንደሚላት ገብቷት ነበር።

«እዚህ በረዶው ስድስት ወር ይዘጋቸዋል» ይላል አንዱ። «ስለዚህ የበጋውን ሣር በአይብ አድርገው ለክረምት ያስቀምጡታል። ቦፎር የሚሉት ትልቁ አይብ ለአርባ ኪሎ ይጠጋል፤ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው። በየሁለት ቀኑ በጨው ውኃ አሽተን እናገላብጠዋለን። ሙሴ ዠርማን አይብና ሕፃን ካላገላበጡት ይታመማል ይላሉ። ክሮዜ የሚባል ከጥቁር እህል ዱቄት የሚሠራ፣ ከጥፍር የማይበልጥ አራት ማዕዘን ፓስታ አላቸው፤ እናቴ ብታየው ማን ተቀምጦ ቆረጠው ትል ነበር። ፎንዱ ደግሞ በአንድ ድስት የቀለጠ አይብ ነው። ሁሉም ዳቦውን በሹካ ወግቶ ይነክራል፤ ዳቦው የወደቀበት አጠገቡ ያለውን ይስማል። ትላንት የኔ ወደቀ። አጠገቤ የነበሩት ሙሴ ዠርማን ናቸው። አንቺ ብትሆኚ ብዬ ማታውን ሙሉ ሳዝን አመሸሁ።»

ሌላውን ደብዳቤ ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። «ሬብሎሾን የሚባል አይብ አለ። ድሮ የዚህ አገር ጭሰኛ ለባለመሬቱ የሚገብረው በወተቱ ልክ ነበር አሉ። ስለዚህ ወተት ሰፋሪው ሲመጣ ጭሰኛው ላሟን ሙሉ አያልባትም። ሰፋሪው ዞር ሲል ተመልሶ የቀረውን ያልባታል። ሁለተኛው ወተት ጥቂት ነው፤ ግን ወፍራም ነው። አይቡ የተወለደው ከዚያ ከተደበቀው ወተት ነው ይላሉ። አያቴና አያትሽ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ጂቱ፣ የኛም ነገር እስካሁን ሁለተኛው ወተት ነው። እኔ ግን በፊት ለፊት ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ።»

በፊት ለፊት ጠየቀ፤ እሷ በፊት ለፊት ካደችው። እንግዲህ የዚህች ልጅ ሕመም ይኸው ነው።

በየሁለት ቀኑ፣ የሆቴሉ የምሳ ግርግር ሲያበቃ፣ ጂቱ ወደ ድንች ጉድጓዱ ትወርዳለች። ንጹሕ ጨርቅ በጨው ውኃ ነክራ የአይቡን ቅርፊት ታሻለች፤ ትገለብጠዋለች፤ ሳንቃውን ታደርቃለች። ልክ በደብዳቤው እንዳለው። አንድ ቀን ቅርፊቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ስታይ ደንግጣ «ሞተብኝ!» ብላ ጮኸች፤ ቀስ ብላ ስታሸው ግን ከሥሩ ያው የጠየመ ጤነኛ ቅርፊት ወጣ። ጨው እጇን ሰነጣጠቀው። ሽታው፣ የእርጥብ መሬትና የቅቤ ሽታ፣ በሳሙና አልለቅ አላት። ጂቱ ገበታ ላይ በቀረበች ቁጥር ወይዘሮ ፋንቱ አፍንጫቸውን ይዘው ባላቸውን ሰርቀው ያያሉ፤ ኦቦ ሙለታ መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

ወንጪ በኩል ኔትወርክ ከጠፋ ሰነባብቷል። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ ሁለቱንም ቀደደች። ምን ትበል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና ነገሩ፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ማፈሯም ጨመረ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የሱ ደብዳቤ ቀድሞ መጣ። ያመጣው በየሳምንቱ ከወንጪ ወተትና ድንች የሚያወርደው የፒክአፑ ሹፌር ሰይፈዲን ነው።

«ጂቱ፣» ይላል፣ «አይቡ ለውሻ እንደተሰጠ ሰማሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝና አልከፋኝም። ሁዳዴን አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። የኅዳሩን ጾም ግን ደንበኞቼ ወተት መግዛት አያቆሙበትምና መኖሩንም ልብ ብዬ አላውቅም። አባትሽን ይቅርታ እንድትጠይቂልኝ። ያመመኝ ሌላ ነው። አላውቅም ማለትሽን ኦቦ ኤጄታ ነገሩኝ። ለአይቡ ስምንት ወር ታግሻለሁ፤ ለዚህች አንዲት ቃል ግን መታገሻ አጣሁ። ሙሴ ዠርማን እጃቸው ደክሟል፤ ተመለስና ሥራውን ተረከበኝ ብለውኛል። ቲኬቱን ልከዋል። የገና ዕለት ጠዋት በሦስት ሰዓት አውቶቡስ ከአምቦ እነሳለሁ። ደህና ሁኚ።»

በገና ቀን አገር ጥሎ የሚሄድ ሰው ወይ ቸኩሏል ወይ ልቡ ተሰብሯል። ጂቱ ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ወደ ጉድጓዱ ወርዳ አይቡን አገላበጠች፤ ተራው እንኳ አልነበረም።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሰይፈዲን ለበዓል የታዘዘውን ወተት ይዞ መጣ። ሲያወርድ ፊቱ የተጨማደደ ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«አፌ ጨው ጨው እያለኝ ነው እንጂ ምን እሆናለሁ! እኔ ሹፌር ነኝ፤ ይኸው አይብ ቀማሽ ሆኜ ቀረሁ። በየማለዳው "ሰይፉ ቅመስልኝ፣ ጨው በዛ? አነሰ?" ነው።»

«እሱ ለምን አይቀምስም?»

ሰይፈዲን ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና አያት። «አልነገረሽም እንዴ? ይጾማል እኮ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ። እናቱ አሞህ ይሆናል ብላ ልትሞት ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎችም ሃይማኖት ልትቀይር ነው ወይ ብለው ተቆጥተውታል። እሱ ምን ይላል መሰለሽ? "ሳላውቀው የሰው ጾም ረግጫለሁ፤ ምን እንደረገጥኩ ልወቀው" ይላል። አይብ ሠሪ ሆኖ አይብ አለመቅመስ! እኔ ረመዳንን እጾማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወጥ ውስጥ እጄን ነክሬ ልጹም ብባል ግን እንጃልኝ።»

ጂቱ ግድግዳውን ተደገፈች። እሷ እዚህ አምቦ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ አይቡን ሳትቀምስ ስታሽ፤ እሱ እዚያ ወንጪ፣ የሠራውን ሳይቀምስ ሲያሽ። አንድ ጾም ለሁለት ሲጾሙ ከርመው አንዳቸውም አላወቁም። «ሰይፉ፣ እንዳይሄድ ንገረው። እኔ...»

«እኔ ወተት ነው የማመላልሰው እቱ» አላት በለሆሳስ። «ይህ በሹፌር የሚላክ ቃል አይደለም።»

እውነቱን ነበር። አፏ የበደለውን ሌላ ሰው አፍ ሊክሰው አይችልም፤ ይህን ስታስብ አነባች፤ የዚያን ዕለት ሽንኩርት አልያዘችም።

የገና ዕለት ኦቦ ሙለታ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ አረፍ ብለው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገበታ ቀረቡ። ዶሮው ቀርቧል፤ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ጂቱ ከዳቦ መጋገሪያው ምድጃ አንድ ሰፊ ሳህን አውጥታ ፊታቸው አኖረች። የወንጪ ድንች በስሱ ተቆርጦ፣ ሽንኩርት ተነጥፎለት፣ ላዩ ላይ አይብ ቀልጦ ወርቅማ ሆኗል። በሳቯ ታርቲፍሌት ይሉታል፤ እውነተኛው በሬብሎሾን ነው የሚሠራው፤ እሷ የነበራትን አደረገች።

ሽታው ሳሎኑን ሞላው። ኦቦ ሙለታ ቆረስ አድርገው ወደ አፋቸው ሲያቀርቡ ጂቱ የምትፈልገው ነገር ሁሉ ከከንፈራቸው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። ሽማግሌ ያመጣውን ነገር የሴት ልጅ አባት ከቀመሰው እሺ ማለቱ ነው። ዝም ብትል ይቀምሱታል። ዝም ማለት ደግሞ ታውቅበታለች።

«አባዬ፣ ቆይ!» አለች። ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። «ሳታውቅ እንዳትበላው። የሚልኬሳ አይብ ነው።»

ወይዘሮ ፋንቱ «ኧረ በገና!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ኦቦ ሙለታ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ለውሻ ስጡት ያልኩት?»

«እሱው ነው። እኔ ነኝ ያቆየሁት። ደግሞ አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሽማግሌዎቹን ኑ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ እሁዱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት አላውቅም አልኩህ። ፈርቼህ ነው። እወደዋለሁ።»

 የአባቷ ዓይን እጇ ላይ አረፈ፤ በጨው የተሰነጣጠቀው እጇ ላይ።

«ጾሙን ሙሉ ስታሺው ነበር?»

«አዎ።»

«አልቀመስሽውም?»

«ጾም ነበር እኮ አባዬ።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ወተቱ የራሳችን ላሞች ነው። አምና በሁዳዴ ጅሩ ሊደፋው ሲል ሚልኬሳ የወሰደው። ከኛው ጾም ነው የተሠራው። እሱም ጾሟል። ከዚያ እሁድ ጀምሮ እስከ ዛሬ፣ የሠራውን እንኳ ሳይቀምስ። ማንም ሳያዘው፤ እኔም ትላንት ነው የሰማሁት። ዛሬ በሦስት ሰዓት አውቶቡስ አገሩን ጥሎ ይሄዳል።»

ኦቦ ሙለታ ድምፃቸው ዝቅ አለ። 

«እነዚያን ሽማግሌዎች» አሉ፣ «ውኃ እንኳ ሳላጠጣ ነው የሸኘኋቸው። ያንቺን ቃል አምኜ። ኦቦ ኤጄታ ሲወጡ ልጅዎን አይቆጡ አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። ለካ ውሸትሽን አይተው ነው የሸፈኑልሽ።»  ሳህኑን ወደ ገበታው መሐል ገፉት። «ስለ ጋብቻ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱም ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ። ነገር ግን በኔ ምክንያት የጾመ ሰው ጾሙን ሳይፈታ ከከተማዬ አይወጣም። እሱ ሳይቀምስም እኔ አልቀምስም።»

«አባዬ...»

«ሰዓቱን አታይም? ምን ትጠብቂያለሽ!»

የዳቦ መጋገሪያ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከሀበሻ ቀሚሷ በላይ እንደታጠቀች ሮጠች። መንገዱ ላይ የሚያውቋት ሁሉ «እንኳን አደረሰሽ!» ይላሉ፤ ማንንም አልሰማችም። መናኸሪያው ስትደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «ሞልቷል፣ እንሂድ!» ይላል። ሚልኬሳ ከኋላ በኩል መስኮት ሥር ተቀምጧል። ከስቷል። ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

መስኮቱን በመዳፏ መታችው። ዞሮ አያት፤ ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ከዚያ ጠቆረ። መስኮቱን ግማሽ ድረስ ከፈተው።

«ለምን መጣሽ ጂቱ? የሚባለው ተባለ።»

 እጇን በመስኮቱ አስገባችው። ሊይዘው አልፈለገም ነበር፤ ግን ሽታው ቀደመው። ጣቶቿን ወደ ፊቱ አስጠጋ። የጨው ውኃ፣ የእርጥብ መሬት፣ ለወራት የተገላበጠ አይብ። ይህን ሽታ በዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የተሰነጣጠቀውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አይቡ አለ?» አለ። «ለውሻ...»

«አለ። በየሁለት ቀኑ አሽቼዋለሁ። ሚልኬሳ፣ ሽማግሌዎቹን የጠራሁት እኔ እንደሆንኩ ለአባዬ ነገርኩት። ዛሬ፣ አሁን።»

«ምን አለ?»

«እሺ አላለም።» ልትዋሸው አልፈለገችም፤ ውሸት ምን እንደሚያስከፍል አይታለች። «እንቢም አላለም። ጾምህን ሳትፈታ ከከተማዬ አትወጣም ብሎሃል። አንተ ሳትቀምስ እሱም አይቀምስም። ገበታ ላይ እየጠበቀህ ነው።»

ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን መታ። «ወይ ውረድ ወይ ዝጋ ወንድሜ!» ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ ያያቸዋል። ከነሱ መሐል የአባቷ ደንበኞች አሉ፤ የሰፈር ሰዎች አሉ፤ ከፊት ወንበር ላይ ከእናቷ ጋር ማኅበር የሚጠጡ ሴት አሉ። ነገ አምቦ በሙሉ ይህን ያወራል። ጂቱ ሁሉንም አየቻቸው፤ ፈራችም። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ በሚያወሩበት ቋንቋ፣ «ኮቱ!» አለችው፤ «ና ውረድ፣ ሚልኬሳ። እወድሃለሁ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማት። ሚልኬሳ እጇን ሳይለቅ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ሻንጣው ከጉልበቱ ላይ ወለሉ ላይ ወደቀ።